ሰይፍ ስለሌለበት ጨዋታና ስለ ቃል ዕዳ

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ በቦሌና በአካባቢዋ ያሉ ወጣቶች ከሚያቀርቡልን ጥያቄ አንዱ ይህ ነው፦ «የቪዲዮ ጨዋታ መግደልን ያስለምዳል እያላችሁ ትገሥጹናላችሁ፤ እነሆ፥ ውጊያ የሌለበት፥ በታሪክና በንግግር ብቻ የሚሄድ ጨዋታ አለ፤ በዚህስ ምን ነቀፋ ታገኛላችሁ?» ሳይመረምሩ መፍረድ ለክርስቲያን አይገባምና ጥያቄው መልስ ይሻል።

ከእነዚህ ጨዋታዎች ስሙ የታወቀው «ዲስኮ ኤሊሲየም» ነው። ይህንም በ2012 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019፥ የኤስቶኒያው ደራሲ ሮበርት ኩርቪትዝ ከባልንጀሮቹ ጋር አወጣው። ተጫዋቹ ከስካር ብዛት የተነሣ ስሙን እንኳ የዘነጋ መርማሪ ፖሊስ ሆኖ ይነቃል፤ በእንግዳ ማረፊያው ጓሮ በዛፍ ላይ ተሰቅሎ የተገኘውን ሰው ማን እንደ ገደለውም ይመረምራል። የውጊያ ሥርዓት የለበትም፤ ጥይት የሚተኮስበት ሰዓት እንኳ ሲመጣ ነገሩ የሚፈጸመው በቃል ምርጫና በዕጣ ነው። በመርማሪውም ውስጥ 24 ችሎታዎች እንደ ድምፅ እየተናገሩ፥ አንዱ ወደ ርኅራኄ ሌላው ወደ መጠጥ ይስበዋል።

ሌላ ሰው ሆኖ መጫወት በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። ልጆቻችን ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እናትና አባት ይሆናሉ፤ በዚያም የቤትን ሥራ ይለማመዳሉ። ነቢዩ ናታንም ወደ ዳዊት በተላከ ጊዜ ወቀሳውን ፊት ለፊት አልጀመረም፤ አንዲት በግ ብቻ የነበረችውን ድኻ፥ ብዙ መንጋም ሳለው እርስዋን የነጠቀውን ባለጠጋ ተረከለት። ዳዊትም በታሪኩ ውስጥ ዳኛ ሆኖ በቁጣ ፈረደ። ያ ቁጣ ግን የፈረደበት ሰው ራሱ መሆኑ እስኪነገረው ድረስ ምንም አላስከፈለውም። ታሪኩ የጠቀመው ወደ ኦርዮ ደም በተመለሰ ጊዜ ነው። እንግዲህ ጨዋታንም በዚሁ እንመዝነው፤ ወደ ተጫዋቹ ሕይወት ይመለሳልን?

ስለዚህ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ስለ አንደበት ነው። ደም ያልፈሰሰበት ስፍራ ሁሉ ቁስል የሌለበት አይደለም፤ አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት በቃል የፈረሰውን ቤት አይተው ነው። በዚያ ጨዋታ በቀይ ምልክት የሚታይ ፈተና አለ፤ እርሱም የሚሞከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ለእውነት የቀረበ ነው። ዳሩ ግን ተጫዋቹ አስቀድሞ ያኖረውን የጨዋታ መዝገብ ከፍቶ ወደ ኋላ ሊመለስ፥ የተናገረውንም እንዳልተናገረ ሊያደርግ ይችላል። እንዲህም «ምን እንደሚመልስ ልይ» እያለ ክፉ ቃል መናገርን ይለምዳል። በቤቱ ሚስቱን የሰደበ ሰው ግን የሚከፍተው መዝገብ የለውም። ሄዶ ይቅርታ መለመን ብቻ ይቀረዋል፤ ያም ቁስሉን ያድናል እንጂ ቃሉን አይሽርም።

ሁለተኛው ስለ ጆሮ ነው። መርማሪው የወደቡን ሠራተኛም ሰካራሙንም ብላቴናውንም ቆሞ ይሰማል፤ ንግግራቸው ለምርመራው ይጠቅመዋልና። ያው ተጫዋች ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው በቦሌ መንገድ ሲመላለስ፥ ሊስትሮውን፣ ሎተሪ አዟሪውን፣ የበሩንም ዘበኛ ስማቸውን ሳይጠይቅ ስንት ዓመት ያልፋቸዋል! በመስታወት ላይ ለተሣለ ሰው እያለቀሰ የቤቱን ሠራተኛ ድካም የማያይ፥ የርኅራኄን ጣዕም ቀመሰ እንጂ ርኅራኄን አልተማረም። ምንም የማይጠቅመንን ሰው በትዕግሥት ስንሰማ ያን ጊዜ ፍቅር ተጀመረ።

እንግዲህ ጨዋታውን ሁሉ ጣሉ ብለን አናዝዝም። በመጠጥ የሚፈተን ሰው ግን እንዲህ ካለው ታሪክ ቢርቅ ይሻለዋል፤ ለሕፃናትም አይሆንም። የሚጫወትም ሲዘጋው ራሱን ይጠይቅ፦ በተፈጠረው ከተማ የታገሥሁትን ያህል በምኖርበት ከተማ ማንን ታገሥሁ? በዚያ የመለስሁትን ክፉ ቃል በዚህ ለማን ተናግሬ ሳልክስ ቀረሁ? መልስ ያጣ እንደ ሆነ፥ ሳይመሽ ተነሥቶ ወደ አንድ ሰው ይሂድ፤ ቢያንስ የዘበኛውን ስም ይጠይቅ።

እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ፥ የታረመም አንደበት ይስጠን። አሜን።