ኑዛዜና የቤተሰብ ሰላም



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ፥ ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ያዝዝለት ዘንድ ጌታን ሲለምን እናገኛለን። ጌታችን የውርስ ዳኛ ለመሆን አልፈቀደም፤ ይልቁንም ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያችው ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀውን ባለጠጋ በምሳሌ አስተማረ። ይህን ምሳሌ ስንሰብክ ስለ ስስት ብቻ መናገር ልማዳችን ነው። ነገር ግን የተከማቸው ሀብት ለማን ይሆናል የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መቅረቱንም እናስተውል። ባለጠጋው ለጎተራው እንጂ ከእርሱ በኋላ ለሚቀሩት አላሰበም።

ይህ ጥያቄ በየቁምስናችን ዛሬም ይሰማል። የሐዘኑ ድንኳን ሳይነሣ የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተሩ ይፈለጋሉ። ከአንድ መሶብ በልተው ያደጉ ወንድማማቾች በፍርድ ቤት ደጅ ይተላለፋሉ፤ እሑድም በአንድ ቅዳሴ ቆመው ሰላም በሚሰጣጡበት ሰዓት ፊታቸውን ያዞራሉ። ከቅዱስ ቁርባን ለዓመታት የራቁም አሉ። እንደ እኛ አስተያየት የብዙዎቹ ጠብ ሥሩ ክፋት ሳይሆን የወላጅ ዝምታ ነው።

«ልጆቼ ይዋደዳሉ፤ እኔ ብሞት አይጣሉም» የሚል አባት ንጉሥ ዳዊትን ያስታውስ። አልጋውን ማን እንደሚወርስ በሕዝብ ፊት ሳያሳውቅ በማርጀቱ አዶንያስ ራሱን ለማንገሥ ግብዣ ደገሰ፤ የወንድማማቾቹም ነገር በደም ተፈጸመ። ጦቢት ግን ሞቱን በጠበቀ ጊዜ ልጁን ጦብያን አስጠራው። አስቀድሞ ስለ ቀብሩና እናቱን ስለ ማክበር፥ ቀጥሎም ስለ ምጽዋት መከረው፤ በመጨረሻም በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ ስላስቀመጠው 10 መክሊት ብር ገለጸለት። ቅደም ተከተሉ ይገርመናል። ገንዘቡ መጨረሻ ላይ ቢመጣም አልተረሳም፤ የውል ጽሑፍም ነበረው።

በቋንቋችን ኑዛዜ የሚለው ቃል ኃጢአትን መናዘዝንም፥ የመጨረሻ ፈቃድን መግለጽንም ያመለክታል፤ በግዕዝ ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው። እንግዲህ ኑዛዜ መጻፍ ሟርት ወይም ሞትን መጥራት ሳይሆን የሚቀሩትን ማጽናናት ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ሁለቱንም ኑዛዜዎች ለአንድ ቀን ማቆየታችን ነው። ካህኑ ምስጢረ ቀንዲልን ይዞ ሲደርስ፥ ሕመምተኛው መናገር እያቃተው፥ ዘመዶች «አባታችን፥ ስለ ቤቱም ይጠይቁልን» ይላሉ።

ያን ጊዜ የሚነገር ቃል በሕግ ፊት ያለው ጉልበት አነስተኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥነ ሥርዓት፥ ለእያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታና ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ከ3 ወር በላይ ቢኖርም ይፈርሳል። ቤት በቃል አይናዘዙም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ፥ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ፥ ወዲያው በሁሉም መፈረም አለበት። በገዛ እጁ የሚጽፍ ሰው ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አመልክቶ፥ ሁሉንም ራሱ ጽፎ፥ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያኑርበት፤ በ7 ዓመት ውስጥም በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያስቀምጠው። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት የሚያደርጉት ኑዛዜ አይጸናም።

ኑዛዜ ከሌለ ልጆች፥ ሴትም ሆነ ወንድ፥ እኩል ይወርሳሉ። በኦሪት ዘኍልቍ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት መጠየቃቸውን የምናስተምር ሁሉ፥ «ሴት ልጅ ባሏ ይበቃታል» የሚለውን አባባል ዝም ብለን ልናሳልፈው አይገባም። የሟች ሚስት ከጋራው ሀብት ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ከባሏ ድርሻ ግን ያለ ኑዛዜ እንደ ልጆቹ ወራሽ አትሆንም። ብዙ አባወራዎች ይህን አያውቁም።

እኩልነቱ ፍትሕ የማይመስልበትም ጊዜ አለ። ልጅቱ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ፥ በሰው ቤት ደክማ በላከችው ገንዘብ ቤት ይሠራል፤ ካርታው በአባት ስም ይወጣል። አባት ሲያርፍ ቤቱ የአባት ርስት ተብሎ ለአምስት ይከፈላል፤ እርስዋም ከአምስቱ አንዷ ትሆናለች። እኅትና ወንድሞቿ «ሕጉ ነው» ይላሉ፤ እርስዋ «ላቤ ነው» ትላለች። ወይም አንዱ ልጅ ሳያገባ ቀርቶ የታመመች እናቱን ለዓመታት ሲያስታምም ይኖራል፤ በክፍፍሉ ቀን ግን ከሩቅ ለመጣው ቤቱን ለቆ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ዕዳ የሚያውቀው ወላጁ ነው፤ በሕይወት ሳለ ሊናገረውና ሊጽፈው የሚገባውም እርሱ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሰው በሕይወቱ ሳለ ንብረቱን ለሌላ አሳልፎ እንዳይሰጥና የልጆቹን እጅ የሚያይ እንዳይሆን ያስጠነቅቃል፤ ስለዚህ አሁን አስረክቡ አንልም፥ ጻፉ እንጂ። ለአንዱ ልጅ የበለጠ የሚሰጥም ምክንያቱን ለሌሎቹ በአፉ ይንገራቸው፤ ከመቃብር በኋላ በወረቀት የሚሰማ ምክንያት ፍቅር ማጣት ይመስላልና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፥ በጾሙ ወራት ለንስሐ ስታዘጋጁ ይህን ለቤተሰቦች አንሡላቸው። ምስክር ሁኑ ብትባሉ ከውርሱ የማትጠቀሙ መሆናችሁን አስቀድማችሁ እዩ። ለቤተ ክርስቲያን ልስጥ የሚልም ቢኖር፥ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም ገና ያላደገ ልጅ እንዳለው በመጀመሪያ ጠይቁት። ኑዛዜው የት እንደ ተቀመጠም ቢያንስ ሁለት የታመኑ ሰዎች ይወቁ፤ በሣጥን ግርጌ ተረስቶ ከተዝካሩ በኋላ የተገኘ ወረቀት አዲስ ክስ ሲያስነሣ አይተናል።