በጐረቤት አገር የሚቆይ ጦር፦ እስከ መቼ?



አንድ መንግሥት ጦሩን ወደ ሌላ አገር በሚልክበት ጊዜ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መግባቱ ተገቢ ነውን?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ የቤተ ክርስቲያንም የግብረ ገብ ትምህርት ከቅዱስ አጎስጢኖስ ዘመን ጀምሮ በዚህ ነገር ላይ ብዙ መክሯል። ከዚህ ቀጥሎ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከገባስ በኋላ እስከ መቼ ይቆይ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ጦሩ ድንበር በተሻገረ ዕለት መልስ ያገኛል። ሁለተኛው ግን ጦሩ እዚያ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ኅሊናን መጠየቁን አይተውም።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የኢትዮጵያ ወታደር በሶማሊያ ምድር መቆም ከጀመረ፣ በመካከሉ ጥቂት ጊዜ ቢወጣም፣ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ልጃቸውን ወደዚያ የሸኙ ወላጆች፣ ባላቸውን የሚጠባበቁ ሚስቶች በመካከላችን አሉ፤ ሄደው ያልተመለሱም አሉ። እነዚህ ወገኖች ወደ ካህን ወይም ወደ መምህር መጥተው «የልጄ እዚያ መሆን በእግዚአብሔር ፊት ትክክል ነውን?» ብለው ሲጠይቁ «መንግሥት ያውቃል» ብሎ ማሰናበት አይበቃም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በተቻለን መጠን በሥርዓት እንመርምር። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የሆነው ነገር

በ2006 መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር መቀመጫውን በባይደዋ ያደረገውን የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ደግፎ፣ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረውን የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ወጋ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ዋና ከተማዪቱ ተያዘች። በዚያን ጊዜ የተነገረው ጦሩ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ እንደ ሆነ ነበር። የቆየው ግን እስከ 2009 መጀመሪያ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በሞቃዲሾ ከተማ በተደረገው ውጊያ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። አልሸባብ የተባለውም ቡድን «የባዕድ ጦር ይውጣ» የሚለውን ጥሪ ይዞ ከአነስተኛ ክንፍነት ወደ ትልቅ ኃይልነት አደገ።

ጦሩ በወጣ ማግስት ባይደዋ በአልሸባብ እጅ ወደቀች። በ2011 መጨረሻ የኢትዮጵያ ጦር እንደገና በብዛት ገባ፤ በ2012 መጀመሪያ ባይደዋን አስለቀቀ፤ በ2014 ደግሞ አሚሶም በተባለው የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ሥር በይፋ ተካተተ። አሚሶም በ2007 ሲቋቋም የተፈቀደለት ጊዜ ስድስት ወር ነበር፤ የኖረው ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ነው። በ2022 አትሚስ ተተካለት፤ አትሚስም በ2025 መጀመሪያ ቦታውን አውሶም ለተባለው ተልእኮ ለቀቀ። የተልእኮው ስም ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው።

ለመግባት የበቃ ምክንያት ለመቆየት አይበቃም

የጐረቤት ቤት ሲቃጠል አጥር ጥሶ የገባ ሰው አይወቀስም፤ እንዲያውም ቆሞ የተመለከተው ነው የሚወቀሰው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ያ ሰው በዚያ ቤት ለማደር ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትናንት ያለ ፈቃድ ያስገባው ችግር ዛሬ ስለ ሌለ፣ የትናንቱ መልካም ሥራ ለዛሬው መቀመጥ ምክንያት ሊሆነው አይችልም። እሳቱ ገና ካልጠፋ ደግሞ ሊያሳየን የሚገባው እያጠፋው መሆኑን ነው።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለ2000 ዓለም አቀፍ የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት ይህን ሐሳብ በግልጽ አስተምረዋል። ሕዝብ በግፍ በሚያልቅበት ጊዜ አጥቂውን ትጥቅ ማስፈታት የተፈቀደ፣ አንዳንዴም ግዴታ እንደ ሆነ ካመለከቱ በኋላ፣ እርምጃው በጊዜ የተወሰነ፣ ዓላማው የታወቀ፣ በዓለም አቀፍ ሕግና ሥልጣን የተጠበቀ እንዲሆን አሳስበዋል። «በጊዜ የተወሰነ» የሚለውን ቃል ልብ እንበለው። ጊዜው ያልተወሰነ እርዳታ በጊዜ ብዛት ጠባዩ ይለወጣልና።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በተቀባዩም ወገን ቆመን አይተነዋል። በ1941 የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ተባብሮ የፋሺስት ኢጣልያን አገዛዝ ከአገራችን አስወጣ። ውለታው ታላቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1942 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ኦጋዴንና «ሪዘርቭድ ኤሪያ» የተባለው አካባቢ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀሩ። ከኦጋዴን አብዛኛው ክፍል የተመለሰልን በ1948፣ የቀረው በ1955 ነው። ነጻ ሊያወጣ የመጣው ወዳጅ ለመውጣት ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀበት። አባቶቻችን በዚያን ጊዜ የተሰማቸውን ቅሬታ እኛ ካስታወስን፣ አንድ የሶማሊያ ሽማግሌ በመንደሩ የቆመውን የውጭ ወታደር ሲያይ የሚሰማውን ለመረዳት አይከብደንም።

የኮርያ ምሳሌ

«ጦር ለረጅም ዘመን ቆይቶ ሰላምን የጠበቀበት አገር የለምን?» የሚል ሰው አይጠፋም። አለ። በ1953 የኮርያ ጦርነት በተኩስ አቁም ስምምነት ከቆመ ወዲህ የአሜሪካ ጦር ከደቡብ ኮርያ አልወጣም፤ ዛሬም ከሃያ ሺህ በላይ ወታደሮች በዚያ ይገኛሉ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የተዋጉላትና ከ120 በላይ የሚሆኑት የወደቁላት ያች አገር ከሰባ ዓመት በላይ ሌላ ታላቅ ጦርነት አላየችም።

ነገር ግን ልዩነቱን እንመልከት። በኮርያ ስጋቱ ከታወቀ መስመር ማዶ ያለ ነው፤ የውጭው ወታደር የሰው ቤት አይፈትሽም፣ በመንገድ ላይ ገበሬውን አያስቆምም። የአገሪቱ መንግሥት በውል አስቀምጦታል፤ የራሱን ትልቅ ጦርም ገንብቷል። በሶማሊያ ግን ጠላት የተባለው በሕዝቡ መካከል ይኖራል፤ ስለዚህ የውጭው ወታደር በየቀኑ ከሕዝቡ ጋር ይጋጠማል። ያም ሆኖ በኮርያ እንኳ ቁስል አልጠፋም። በ2002 ሁለት ልጃገረዶች በአሜሪካ ጦር ከባድ ተሽከርካሪ ተገጭተው ሲሞቱና ወታደሮቹ በራሳቸው አገር ወታደራዊ ፍርድ ቤት ነጻ ሲለቀቁ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሻማ እያበራ አደባባይ ወጣ። ሕዝቡን ያስቈጣው ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ በምድራችን የሞተውን ልጃችንን የሚዳኘው ማን ነው የሚለውም ጥያቄ ነበር።

ድንገት መውጣትም በደል ሊሆን ይችላል

በሌላ በኩል «ይውጣና ነገሩ ያብቃ» ማለትም ቀላል መልስ አይደለም። አሜሪካና ተባባሪዎቿ ከ2001 ጀምሮ ሃያ ዓመት በአፍጋኒስታን ቆዩ። በ2020 ከታሊባን ጋር የመውጫ ስምምነት ሲፈርሙ የአገሪቱ መንግሥት በፊርማው አልተካፈለም። በኦገስት 2021 ጦሩ ገና ወጥቶ ሳያበቃ ካቡል ወደቀች። ያስተረጐሙላቸው፣ አብረዋቸው የሠሩ፣ በእነርሱ ተማምነው ልጃገረዶቻቸውን ትምህርት ቤት የላኩ ብዙ ሰዎች ለፍርሃት ተዳረጉ።

በሶማሊያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2016 የኢትዮጵያ ጦር ሀልገንንና ትዬግሎን የመሳሰሉ ከተሞችን ሲለቅ አልሸባብ ወዲያውኑ ገባባቸው። ለጦሩ ውኃ የሸጠ፣ መንገድ ያሳየ፣ ከአዛዦቹ ጋር ስለ ሰላም የተነጋገረ ሽማግሌ በዚያች ሌሊት ምን ይሆናል? በአንድ አገር የቆየ ጦር፣ ፈለገም አልፈለገም፣ በእርሱ የሚታመኑ ሰዎችን ያፈራል። እነርሱን ያለ ጠባቂ ትቶ መሄድ የተሰጠን አደራ መብላት ነው።

እንግዲህ ከሁለት ወገን ተይዘናል። ሳይወሰን መቆየት እርዳታውን ወደ አገዛዝ ይለውጣል፤ ሳይዘጋጁ መውጣት ደግሞ የታመነውን ሰው ለጥቃት ይሰጣል። ከዚህ ጭንቅ የሚያወጣን የቀን ቈጠራ ብቻ አይደለም፤ መቆየቱን በየጊዜው የምንመዝንበት ሚዛን ያስፈልገናል።

ሦስት መመዘኛዎች

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለዘለዓለም የሚቆይ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከሶማሊላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ በመፈረሟ የሶማሊያ መንግሥት ተቈጥቶ የኢትዮጵያ ጦር በዓመቱ መጨረሻ እንዲወጣ ጠየቀ። በዲሴምበር 2024 በአንካራ ከተስማሙ በኋላ ነገሩ ረገበ፤ ኢትዮጵያም በአውሶም ውስጥ እንድትቀጥል ተደረገ። ከዚህ የምንማረው የባለቤቱ ፈቃድ ሊነፈግ እንደሚችል፣ በተነፈገም ጊዜ ኃይል ፈቃድን ሊተካ እንደማይገባ ነው። ደግሞም በዋና ከተማ የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ጦሩ በሰፈረበት ወረዳ ያለው ሕዝብና ሽማግሌዎቹ ሊሰሙ ይገባል።

ሁለተኛው ፍሬ ነው። የውጭው ጦር በቆየ ቍጥር የአገሩ ሰው ራሱን ለመጠበቅ ይበልጥ እየበረታ ነው ወይስ ይበልጥ እየደከመ? እየደከመ ከሆነ መቆየቱ መድኃኒት መሆኑ ቀርቷል። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። የአሚሶም ወታደሮች አበል ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ይከፈል የነበረው በአውሮፓ ኅብረት ነው፤ በ2016 ክፍያው በ20 በመቶ ሲቀነስ በላኪ አገሮች ዘንድ ብርቱ ቅሬታ ተነሣ። ወታደሩ ለደከመበት ሊከፈለው ይገባል። ነገር ግን መቆየት ገቢ በሚያስገኝበት ቦታ የመውጫውን ቀን ለማራዘም ምክንያት እንደማይጠፋ ማወቅ ብልህነት ነው።

በዚያችው ሞቃዲሾ ሌላ ዓይነት እርዳታም ነበረ። የኮንሶላታ ማኅበር አባል የሆኑት ብፅዕት እህት ሌዮኔላ ስጎርባቲ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፍተው ሶማሊያውያን ወጣቶችን አሠለጠኑ፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በተመረቁበት በ2006 በጥይት ተመትተው ዐረፉ፤ ሊያድናቸው የሞከረው ሙስሊም ጠባቂያቸውም አብሯቸው ሞተ። ወታደርና ነርስ አንድ አይደሉም፤ ሆኖም መለኪያው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሥራዬን የሚረከበኝን የአገሩን ሰው አዘጋጅቻለሁን?

ሦስተኛው ፍትሕና እውነት ነው። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እንዲያደርጉ በጠየቁት ጊዜ፣ ሙያቸውን እንዲተዉ አላዘዛቸውም፤ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩና በደመወዛቸው እንዲረኩ ነው የነገራቸው። በ2021 በጎልዌይን አካባቢ የኡጋንዳ ወታደሮች ሰባት ሲቪሎችን በገደሉ ጊዜ፣ የኡጋንዳ ጦር ፍርድ ቤት እዚያው ሞቃዲሾ ተሰይሞ አጥፊዎቹን ፈረደባቸው። የሞት ቅጣትን ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፤ ችሎቱ ግን በተበዳዩ አገር መቀመጡ ተገቢ ነበር። እውነትም ለሁለቱም ወገን ይገባል። በዚህ ተልእኮ የሞቱት ወታደሮች ቍጥር ለብዙ ዓመታት ተሟልቶ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆይቷል። አንዲት እናት የልጅዋን መሞት ከመንግሥት አፍ ሳይሆን ከወሬ ልትሰማ አይገባትም። ዋጋው የተደበቀ መሥዋዕትነት በሚዛን ላይ ሊቀመጥ አይችልምና።

መደምደሚያችን

በእነዚህ ሦስት መመዘኛዎች ስንመለከተው፣ በሶማሊያ ያለው ጦር ዛሬውኑ ይውጣ አንልም፤ ባይደዋና ሀልገን የሚያስተምሩን ሌላ ነው። ነገር ግን መቆየቱ እንደ ልማድ ሊወሰድ አይገባም እንላለን። እያንዳንዱ ቦታ ለማን፣ በስንት ጊዜ እንደሚለቀቅ በግልጽ ይታወቅ፤ ለተረካቢው ሥልጠናና ስንቅ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ከጦሩ ጋር የተባበሩ ነዋሪዎች እንዳይጠቁ ዋስትና ይደረግ፤ ጊዜው ሲራዘምም ምክንያቱ በሁለቱም አገሮች ሕዝብ ፊት ይነገር። ምክንያቱ ሊነገር የማያስደፍር ከሆነ መራዘሙም የሚገባ አይደለም።

በየቁምስናችሁ ያላችሁ መምህራን ሆይ፤ ስለዚህ ነገር ሲጠይቋችሁ ሁለት ነገር አትሳቱ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እንዳስተማረው በቅን ልቡና የሚያገለግል ወታደር የሕዝብን ደኅንነትና ሰላም ያገለግላል፤ ስለዚህ ወላጆቹን አታሳፍሯቸው፤ አጽናኗቸው። እንዲሁም ጥያቄያቸውን አገርን እንደ መክዳት አትቍጠሩባቸው፤ «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ ለልጃቸውም ለጐረቤታችንም የሚገባ ፍቅር ነውና። በምእመናን ጸሎትም በሶማሊያ የቆሙትን ልጆቻችንን ስናስብ፣ በደጃፋቸው ጦር የቆመባቸውን ሶማሊያውያን ወንድሞችና እኅቶችም አብረን እናስብ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት ይሻላል ይላሉ አባቶቻችን፤ ወታደሩ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላም ጐረቤታሞች ሆነን እንኖራለንና።