በሠርግ ቀን የሚቆረሰው ለማን ነው?

ሰው የልቡን አሳብ በቃል ብቻ ተናግሮ የሚረካ ፍጥረት አይደለም፤ ደስታውንም ኀዘኑንም በምልክት ይገልጠዋል። ያዘነ ጥቁር ይለብሳል፤ ደስ ያለው ነጭ ይለብሳል፤ የታረቀም ከባላጋራው ጋራ ከአንድ ማዕድ ይቆርሳል። ምልክት ግን ሁለት ዐይነት ነው። በልብ ያለውን እውነት የሚናገር አለ፤ በልብ የሌለውን እንዳለ አስመስሎ የሚናገርም አለ። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም በሠርግ ቀን ሙሽራውና ሙሽራዪቱ አንድ ቢላዋ በጋራ ይዘው የሚቆርጡት የኬክ ነገር ነው። ከወጣቶቻችን አንዳንዶቹ «ይህን ትተን በምን እንለውጠው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የምግብ ጥያቄ ቢመስልም በውስጡ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት፤ የሠርግ ምልክት እውነተኛ የሚሆነው በምንድር ነው? ማለት ነውና።

አስቀድመን የነገሩን ሥር እንመልከት። በጥንቶቹ ሮማውያን ዘንድ ኮንፋሬያትዮ የሚባል የጋብቻ ሥርዓት ነበረ። ስሙ የወጣው ፋር ከሚባለው ጥንታዊ የስንዴ ዐይነት ነው፤ ጋብቻው የሚጸናው ከዚያ እህል በተጋገረ ኅብስትና በዐሥር ምስክሮች ፊት ነበረ። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሕግ ዐዋቂ ጋይዮስ ይህን ጽፎ አቆይቶልናል። ሥርዓቱ የአረማውያን፣ መሥዋዕቱም የጣዖት ነበረ፤ ሆኖም ሰዎች ከኬክ በፊት ጋብቻን በእንጀራ ይመሰክሩ እንደ ነበረ ያስረዳናል። ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው ነጭ ኬክ ግን የቅርብ ዘመን ነገር ነው። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ስታገባ የቀረበው ኬክ ወደ 300 ፓውንድ፣ ማለት ወደ 136 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። በዚያ ዘመን ተጣርቶ የነጣ ስኳር እጅግ ውድ ስለ ነበረ የኬኩ ንጣት የንጽሕና ምልክት ብቻ ሳይሆን የባለጠግነትም ማስታወቂያ ነበር። ከቤተ መንግሥት የወጣው ልማድ ቀስ በቀስ ወደ ሕዝቡ ቤት ገባ፤ ሕዝቡም ከአቅሙ በላይ ይከተለው ጀመር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ መንግሥት ኬክን በስኳር ማልበስ ከለከለ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሙሽሮች ከካርቶን ወይም ከጀሶ የተሠራ ባለ ደርብ ሽፋን እየተከራዩ በታናሽ ኬክ ላይ ይደፉ ነበር። በእነዚያ ሰዎች ላይ አንፈርድም፤ ችግር አስገድዷቸዋልና፤ ከሽፋኑም በታች የሚካፈሉት እውነተኛ ኬክ ነበራቸው። ነገር ግን ዛሬ የሚከለክል ሕግ ሳይኖር፣ ከውስጡ ፎም የሆነ አምስትና ስድስት ደርብ ክሬም ተቀብቶ ይቆምና አንዲቱ ደርብ ብቻ ለቢላዋ የምትቀርብበት ሠርግ አለ። እንግዳው ያጨበጭባል፤ የፎቶግራፍ መሣሪያው ይበራል፤ በዳር የተቀመጠው ግን ቍራሽ ሳያገኝ ይመለሳል። ሁለት ሰዎች በዘመናቸው ሁሉ እውነት ሊነጋገሩ ቃል በገቡበት ቀን የመጀመሪያ ሥራቸው ባዶውን ሙሉ አስመስሎ ማሳየት ሲሆን ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይመስለንም።

ኬክ የሠርግ ሕግ አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሌሎችን አገሮች ማየት ይበቃል። በፈረንሳይ በቀለጠ ስኳር እየተጣበቁ እንደ ክምር ወደ ላይ የሚደረደሩ ትንንሽ ጣፋጮች ይቀርባሉ፤ ክሮካንቡሽ ይሏቸዋል። በኖርዌይ ከለውዝ ዱቄት የተጋገሩ ቀለበቶች አንዱ ባንዱ ላይ ይቆማሉ። በዩክሬን ኮሮቫይ የሚባል፣ በሊጥ አበባና ወፍ ያጌጠ ትልቅ ዳቦ ለሙሽሮች ይጋገራል። በጃፓንም ሙሽሮች የመጠጥ በርሜል ክዳን በእንጨት መዶሻ አብረው የሚከፍቱበት ልማድ አለ። እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ በአንድ እጅ ሆነው አንድ ነገር ከፍተው ለሌላው ሲሰጡ ማየት ነው።

እኛስ ምን አለን? ድፎ ዳቦ አለን። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም እሳት ነዶበት የሚበስለው ይህ ዳቦ በበዓል ቀን በአባት ወይም በካህን እጅ ተባርኮ ሲቆረስ ያላየ የአገራችን ልጅ ጥቂት ነው። ዛሬም በኬክ ፈንታ ድፎ የሚቆርሱ ሙሽሮች አሉ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ኮባው ቢታጣ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለሉ በምድጃቸው ይጋግሩታል። በግእዝ ፈተተ ማለት ቆረሰ፣ ቈራረሰ ማለት ነው፤ በቅዳሴያችን ጸሎተ ፈትቶ የሚባለው ከዚህ የወጣ ነው፤ በየቤታችን የምንበላው ፍትፍትም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ኅብስት የሚፈተተው ለብዙዎች እንዲዳረስ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ቢሆን መቈራረሱ ባላስፈለገም ነበር። ይህን ስንል ግን የማታው ዳቦ የጠዋቱን ምሥጢር ይተካል ማለታችን አይደለም። በተክሊል የተጋቡ ሙሽሮች አንድነታቸው የሚታተመው በቅዱስ ቍርባን ነው፤ የሠርጉ ዳቦ የተባረከ ምግብ እንጂ ሌላ አይደለም። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም፤ ጠዋት የተቀበሉትን ጸጋ ማታ በምጽዋትና በመካፈል መግለጥ ግን ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ «ኬክ የባዕድ ስለ ሆነ ይጣል» የሚል ነው። ይህ ምክንያት አይበቃም። ከውጭ የመጣ ሁሉ ክፉ፣ ከውስጥ የተገኘ ሁሉ መልካም አይደለም። ልጅዋን ለመዳር ዓመት ሙሉ ሳንቲም ያጠራቀመች እናት ኬክ ገዝታ ደስ ቢላት ደስታዋን የምንነቅፍበት ሥልጣን የለንም። ሙሽሮቹም ከኬኩ እርስ በርሳቸው ቢጎራረሱ፣ ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ «ድፎውም ቢሆን ለታይታ ሊውል ይችላል» የሚል ነው። እውነት ነው። ለፎቶግራፍ ብቻ ተጋግሮ፣ ከተቆረሰ በኋላ በጓዳ ደርቆ የሚጣል ድፎ ከፎሙ ኬክ በምን ይሻላል? እንዲያውም የሚበላ እህል ስለ ባከነ በደሉ ይብሳል። ስለዚህ ጥያቄው ኬክ ወይስ ዳቦ የሚል አይደለም፤ የሚቆረሰው ለማን ነው? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሦስት መመዘኛ እናቀርባለን። አንደኛው እውነት ነው፤ የሚታየው ነገር የሆነውን ይሁን፤ ታናሽ ከሆነ ታናሽነቱ አያሳፍርም። ሁለተኛው አቅም ነው፤ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደ ተባለ፣ ለአንድ ሰዓት ጭብጨባ ብሎ ተበድሮ አዲስ ጎጆን በዕዳ መጀመር ፍቅርን በመጀመሪያው ዓመት ለጠብ አሳልፎ መስጠት ነው። ሦስተኛው መዳረስ ነው፤ የተቆረሰው ከሙሽሮች አፍ አልፎ ወደ ዳሩ እንግዳና ወደ ደጁ ነዳይ ይድረስ። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በሠርግ ላይ የሚደረገውን ከልክ ያለፈ ጌጥና ጫጫታ አጥብቆ ነቅፎ፣ ክርስቶስን ወደ ሠርጉ መጥራት የሚወድ በድኾች በኩል እንዲጠራው አስተምሯል። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ብድራት ሊመልሱ የማይችሉትን ወደ ግብዣችን እንድንጠራ አዟል።

እነዚህን መመዘኛዎች ለሚቀበሉ ሙሽሮች አንድ ምክር እንጨምራለን። ከሙሽራው ቤትና ከሙሽራዪቱ ቤት እኩል ዱቄት ይምጣ፤ ሁለቱ እናቶች ባንድ ገበታ ያብኩት፤ አንድ እርሾም ያቡካው። ከዚያ በኋላ ይህ የማን ዱቄት ነው ብሎ የሚለየው የለም፤ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ የተባለውን ከዚህ ይልቅ ገልጦ የሚያስረዳ የእህል ምልክት አናውቅም። ዳቦው ሲወጣ ካህን ወይም ሽማግሌ ይባርከው፤ ሙሽሮቹም በአንድነት ይቁረሱት፤ የመጀመሪያውን ቍራሽ ለወላጆቻቸው ያጉርሱ፤ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው ይጎራረሱ፤ የቀረው ለታዳሚው ይዙር። ደግሞ በዚያው ቀን የተጋገሩ ትንንሽ ዳቦዎች በሙሽሮቹ እጅ፣ ቢቻል ያለ ፎቶግራፍ፣ በደጅ ለቆሙት ይሰጡ። ኬክ ያዘጋጀም ቢሆን ይህን ከማድረግ የሚከለክለው የለም፤ ሁሉን የሚያዳርስ ኬክ ጥቂቶች ብቻ ከሚቀምሱት ድፎ ይሻላልና።

በቃና ሠርግ የሆነውን ልብ እንበል። የጎደለው ወይን የሙሽሮቹ ብቻ ሳይሆን የታዳሚው ሁሉ ነበር፤ ጌታም ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ያስሞላው ሁሉን እንዲያዳርስ አድርጎ ነው። አሳዳሪው ቀምሶ አደነቀ እንጂ ከየት እንደ መጣ አላወቀም፤ ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ነበሩ። ስለዚህ የዚያ ሠርግ ታላቁ ስጦታ ጭብጨባ አልተሰማበትም፤ ሥራው ግን ማንንም ሳያሳፍር ጉድለትን ሸፈነ፤ ሠርገኛውንም ሁሉ አጠገበ። አዲስ ጎጆ የሚወጡ ልጆቻችን ከሠርጋቸው ቀን ይህን ብቻ ይዘው ቢገቡ ይበቃቸዋል፤ የሠርጋቸው ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ ዳቦ የሚቆርሱበት ቀን ግን ብዙ ነውና። በመጀመሪያው ቀን ለሌላ መቍረስን የለመደ እጅ በችግር ቀንም አይታጠፍም።

ቤታቸውን የማይጎድል በረከት ይሙላው፤ አሜን።