ፈትልና አምሳያው

በዚህ ዘመን ከምእመናን ዘንድ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ስለ እውነትና ስለ ሐሰት፣ ስለ ባለጠጋና ስለ ድኻ፣ ስለ ሥራና ስለ ስም የሚያስጠይቅ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም፦ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ነጠላ የለበሰ ሰውና የዚያኑ መልክ አስመስሎ በመኪና የታተመ ጨርቅ የለበሰ ሰው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ እኩል ይታያሉን? የሚል ነው። እኛ ባለንበት በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በወግዲና በከላላ፣ ይህ ነገር የቃል ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሰውን ከጽዋ ማኅበሩ እስከ መለየት ደርሷል።

ቀድሞ ሰው ነጠላውን የሚያደንቅ ቢሆን «የማን ፈትል ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ መልሱም የእናት ወይም የእኅት ወይም የጎረቤት ስም ነበር። ዛሬ ግን ወጣቱ በገበያ የባሕር ማዶ ፋብሪካ ስም የተለጠፈበትን ጫማ አንሥቶ «ኦርጅናል ነው?» ይላል፤ ይኸው ቃል ከጫማው ወደ ሸማው ተሻግሮ፣ የነጠላ ነጋዴም «ኦርጅናል ፈትል፣ የሽሮ ሜዳ» እያለ ይጣራል። ስሙ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ስለ ፈታይቱና ስለ ሸማኔው የሚጠይቅ ግን የለም።

እንግዲህ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ጥጥ የቆላ ፍሬ ነው፤ በደጋችን ብርድ አይበቅልም። ከቆላ ወጥቶ ገበያ ሲደርስ ሴቲቱ ገዝታ ፍሬውን በመዳመጫ ትለያለች፤ ቀጥላም በደጋን ትነድፈዋለች፤ የተነደፈውን ጠቅልላ አመልማሎ ታደርገዋለች፤ ከአመልማሎውም በእንዝርት ፈትል ታወጣለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሌላው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው፤ ውኃው ተቀድቶ፣ እንጀራው ተጋግሮ፣ ልጁ ተኝቶ። ልቃቂቱ ከሞላ በኋላ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። እርሱም እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ፣ ድሩን ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለሰ ማጉን ያስገባል። አንድ ጋቢ አራት እጥፍ ሆኖ በሰው ትከሻ ላይ እስኪያርፍ ድረስ የስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደ ተከፈለበት የሚያውቅ የሠራው ብቻ ነው። ስለዚህ ፈትሉ ውድ ነው ብለን ስናማርር የምናማርረው በሰው ዕድሜ ላይ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ጥቅሙም የታወቀ ነው። የጥጥ ጋቢ በለጋምቦ ብርድ ሰውን ያሞቃል፤ ላብ ይመጥጣል፤ ሲያረጅም አይጣልም፤ የሕፃን ማዘያና መጠቅለያ ይሆናል። ደግሞ ልብ የማንለው አንድ ነገር አለ። በመቅደስ የምናበራው ጧፍ ውስጡ የጥጥ ፈትል ነው። የሰው ሠራሽ ክር ግን እሳት ሲነካው ይቀልጣል እንጂ ሰሙን እየሳበ አይነድም። እንግዲህ እናቶቻችን የሚፈትሉት ክር ገሚሱ ወደ ሰው ትከሻ፣ ገሚሱ ወደ መቅደስ ብርሃን ይሄድ ነበር ማለት ነው። (የሰሙ ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ በንብ ሰም ፈንታ ምን እየተቀላቀለ እንደሚሸጥ አገልጋዮች ሁሉ እናውቃለን።) በመምህራኖቻችንም ትምህርት ቅዱስ ገብርኤል ለእመቤታችን ብሥራቱን ሲያመጣ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንዳገኛት ይነገራል። እንዝርት በቤተ ክርስቲያን ፊት የተናቀ ዕቃ አይደለም።

ይህን ያህል ፈትልን ካመሰገንሁ በኋላ፣ «እንግዲያስ የታተመውን የለበሰ ይነቀፋል» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ዛሬ ንጹሕ ፈትል ተብሎ የሚሸጠው ሸማ ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የተፈተለው ማጉ ብቻ ነው። እንደ ባሕር ዳርና እንደ ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች በአገራችን ከቆሙ ወዲህ፣ የባሕር ዳሩም በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፣ የመኪና ክር ከሸማኔው ቤት መግባቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቀው ወርቀዘቦም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ስለዚህ «የእኔ ኦርጅናል ነው» እያለ የሚመካ ሰው የነጠላውን ድር ፈትቶ ቢመረምር ትምክህቱ ከግማሽ ላይ ይቀርበት ነበር።

ከውጭ መምጣቱ ብቻ ነውር ነው የምንል ከሆነም አባቶቻችን ይከሱናል። አቡጀዲ የምንለው ጨርቅ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የመጣ ነበር። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ ከአገሩ ወደ እኛ ይገባ ከነበረው ሸቀጥ ዋናው ይኸው ጨርቅ ነበር። ወታደሩ ለበሰው፤ ገበሬው እጀ ጠባብና ሱሪ አሰፋው፤ ሙታንም ተከፈኑበት። በጊዜው የአገር ሽመናን ገበያ መሻማቱ አይካድም፤ ነገር ግን አቡጀዲ የለበሰውን ሰው «ልብስህ የሐሰት ነው» ያለው አልነበረም፤ አቡጀዲ አቡጀዲ ነኝ ብሎ ነበርና የመጣው። የቤተ ክርስቲያናችንም ካባና መጎናጸፊያ ከሐርና ከከፋይ ከግምጃም ሲሠራ ኖሯል፤ ይህም ሁሉ በአብዛኛው የባሕር ማዶ ዕቃ ነበር። በአዲስ አበባ ግምጃ ቤት ማርያም ስንል የምንጠራው ቃል እንኳ ከዚያው ከክቡር ጨርቅ ስም የወጣ ነው።

ታዲያ በዛሬው አምሳያ ነጠላ ላይ ያለው ነውር ከወዴት ነው? ጨርቁ ከውጭ፣ ይልቁንም ከቻይና፣ ጥለቱ ተሸምኖ ሳይሆን ታትሞበት ይመጣል። ይህን ነጋዴው «ኅትመት ነው፣ ዋጋውም ይህ ነው» ብሎ ቢሸጠው ኃጢአት አላየሁበትም፤ ለድኻው መሸፈኛ አገኘለት። ነገር ግን የኅትመቱን ጨርቅ «ፈትል ነው» ብሎ፣ ወይም ድርና ማጉ የፋብሪካ የሆነውን «በእጅ የተፈተለ ነው» ብሎ የሸጠ ሰው፣ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 በከረጢቱ ሁለት ዓይነት ሚዛን ይዞ የሚዞረው ነጋዴ ወንድም ነው። ይህ ሰው የሚሰርቀው ከገዢው ብቻ አይደለም። ሌሊት የፈተለችው ሴት ልቃቂቷን ይዛ ገበያ ስትወጣ «ይህ ሁሉ ዋጋ ምንድን ነው? ያው ነጠላ በርካሽ አለ» እየተባለች ትመለሳለች፤ ገዢው አንድ ጊዜ ሲታለል እርሷ ግን በየገበያው ቀን ትጎዳለች። የንስሐ አባቶች ነጋዴ ልጆቻቸውን ስለዚህ ነገር በግልጽ ቢጠይቁ መልካም ነው። ስለ ሚዛንና ስለ ወለድ እንጠይቃለን፤ ስለ ጨርቅ ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ግን የቆየ ዕዳ አለብን። እኛ ኢትዮጵያውያን ሸማውን ስናከብር ሸማኔውን ስንንቅ የኖርን ሕዝብ ነን። ንጉሡ የለበሰው፣ ካህኑ የተጎናጸፈው፣ ሙሽራይቱ የተሸለመችበት ልብስ ከጉድጓድ ዳር ከተቀመጠ ሰው እጅ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሰው «ቁጢት በጣሽ» እያልን ተሳደብን፤ ልጃችንንም ለልጁ ከለከልን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መስደብ እንዲቀር ማዘዛቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። በጎንደር ብዙ የሽመናና የአንጥረኝነት ሥራ በቤተ እስራኤል እጅ ነበር፤ ክብር ግን አላገኙበትም። በእኛ በወሎ ሸማኔው ብዙ ጊዜ እስላም ወንድማችን ነው፤ ለጥምቀትና ለፋሲካ የምንለብሰውን ነጠላ የሠራልን እርሱ ነው። በአዲስ አበባ «የሽሮ ሜዳ» የሚባለውን ሸማ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የወጡ ናቸው፤ «ዶርዜ» የሚለው የሕዝብ ስም ገሚሱ የሸማ ማመስገኛ፣ ገሚሱ የሰው መናቂያ ሆኖ መኖሩ ያሳዝናል። ከዚያው አገር ታዳጊ ልጆችን በትምህርት ተስፋ እያታለሉ አምጥተው በሽመና ሲያደክሟቸው የኖሩ ሰዎች መኖራቸውም ብዙ ጊዜ ተነግሯል። እንግዲህ እንዲህ ባለ ልጅ ድካም የተሸመነ ሸማ በእጅ የተሠራ ስለ ሆነ ብቻ እውነተኛ ልንለው እንችላለንን? እኔ እንደሚመስለኝ ጥለቱ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ግን ሐሰት ነው።

ይህን ሁሉ ለመጻፍ ያነሣሣኝን ነገር አሁን ልናገር። በአንድ ደብር የሚገኝ የሴቶች የጽዋ ማኅበር ለበዓሉ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ እንዲለብሱ ወሰነ፤ ያውም ፈትል ብቻ እንዲሆን። አሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ የአገር ልብስ ይከበር፣ የሸማኔው ሥራ አይጥፋ ብለው ነው። ከመካከላቸው ግን ልጆች የምታሳድግ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የነበራት ነጠላ የታተመው ነው፤ በርሱ አልቅሳለች፣ በርሱ አስቀድሳለች፤ ለባሏም ሐዘን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ የለበሰችው እርሱኑ ነው። ሁለት ወር ከማኅበሩ ቀረች። ስጠይቃት «አባ፣ የእኔ ነጠላ ከነሱ ነጠላ ጎን ሲቆም ያፍራል» አለችኝ።

ወደ ማኅበሩ ሙሴ ሄጄ ስናገር መልሱ ፈጣን ነበር። «አባታችን፣ እኛ ማንንም አልከለከልንም፤ ሥርዓት ነው ያወጣነው» አለችኝ። እውነትዋን ነው፤ በቃል የከለከላት የለም። ነገር ግን ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የሚገሥጻቸው ሰዎችም ድኻውን ከጉባኤ አላባረሩትም፤ ያማረ የለበሰውን በመልካም ስፍራ ሲያስቀምጡ ያደፈ የለበሰውን ወደ እግር አጠገብ አወረዱት እንጂ። ደግሞ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያሉትን ጭፍሮች አሳሰብኋት። ሌላውን ልብስ አራት አድርገው ሲካፈሉ ቀሚሱን ግን ከላይ ጀምሮ ያለ ስፌት የተሠራ ስለ ነበረ መቅደዱን አልወደዱም፤ ዕጣ ተጣጣሉበት። የሽመናውን ዋጋ ያወቁት እነዚያ ሰዎች የለበሰውን አላወቁትም። «እናንተም ነጠላውን መርምራችሁ ሴቲቱን እንዳታጧት» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ፈትሉ ይቅር?» አለችኝ።

ይቅር አላልሁም። ፈትል መከበር ይገባዋል፤ የሚከበርበት መንገድ ግን ለባሹን በመመርመር አይደለም። ያለው ሰው ወደ ፈታይቱ ይሂድ፤ ሳይከራከር የድካሟን ይክፈል፤ ሸማኔውንም በስሙ ይጥራው፤ እስላም ቢሆን ክርስቲያን በበዓሉ ቀን እንኳን አደረሰህ ይበለው። ማኅበሩም ሥርዓት ማውጣት ካሻው ነጭ ይሁን፣ ንጹሕ ይሁን፣ ሰውነት የሚሸፍን ይሁን ይበል፤ ከዚያ አልፎ የክሩን ዘር አይቁጠር። ደግሞም የእነዚያ ማኅበርተኞች ልጆች የባሕር ማዶ ስም የተጻፈበት ጫማ ካልተገዛልን ብለው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ልጆቹ ይህን ከወዴት ተማሩት ብዬ ብጠይቅ ሙሴዋ ትቀየመኛለች ብዬ ተውሁት። ሴቲቱ በሚቀጥለው ወር መጣች፤ የታተመውን ነጠላዋን ለብሳ ነበር፤ ጽዋውንም ተቀብላ ጠጣች። ነጠላዋን ያነሣባት አልነበረም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ስለ ስዕለት ነው። ለመቅደሱ መጋረጃ ተስለው የታተመ ጨርቅ የሚያመጡ ምእመናን አሉ፤ አንዳንድ አገልጋዮችም «ይህ ለታቦት አይገባም» እያሉ ሲመልሷቸው ይታያል። እኔ ግን ሰጪውን ሳያዩ ጨርቁን መመለስ አይገባም እላለሁ። ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ጌታችን ከባለጠጎቹ ሁሉ አስበልጧታል፤ ሁለቱ ሳንቲም ግን የኑሮዋ ሁሉ ስለ ነበሩ ነው። በቤቱ ሦስት ቡልኮና አራት ጋቢ ደርድሮ፣ ለእግዚአብሔር ግን ከገበያው የረከሰውን ኅትመት መርጦ የሚያመጣ ሰው ቢኖር፣ የንስሐ አባቱ ለብቻው ጠርቶ ይምከረው። ሌላ የሌለው ሰው ያመጣው እንደ ሆነ ግን ተቀብሎ መስቀል ይገባል። ዕቃ ቤቱም በመዝገቡ የጨርቁን ዓይነት ለንብረት ቁጥጥር ይጻፈው፤ በዐውደ ምሕረት ሲነበብ ግን ዓይነቱ ሳይጠራ የሰጪው ስመ ክርስትናና «መጋረጃ አንድ» የሚለው ብቻ ይነበብ።