የሟች ስም፦ ርስት ወይስ አደራ?

ባለፈው ዓመት አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ባነር እንድሠራለት ደወለልኝ። ሥራዬ ግራፊክስ ነው፤ ትእዛዙም ቀላል ነበር። ከሞተ ቆየት ያለ፣ ሁላችንም የምንወደው አንድ ዘፋኝ ፎቶ፣ ከሥሩ የቤቱ ስም። «እጁ ላይ ግን ብርጭቆ አድርግበት» አለኝ። ፎቶው ላይ የያዘው ማይክ ነበር። ማይኩን አጥፍቼ ብርጭቆ ለማስያዝ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

እናቴ ቡና ይዛልኝ ስትገባ ስክሪኑን አየችው። «ውይ! እሱ እኮ መጠጥ እርግፍ አድርጎ ትቶ ነው የሞተው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ልጆቹ ቢያዩትስ?»

«እማዬ፣ ሞቷል እኮ» አልኳት።

ምንም አልመለሰችልኝም፤ ስኒውን አስቀምጣ ወጣች። እኔ ግን የራሴ መልስ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሞቷል። እና? የሞተ ሰው ስምና ፊት የማን ነው?

ጥያቄው በፍርድ ቤት በደንብ የተፈተነው አሜሪካ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን አንድ ወጥ መልስ የለውም፤ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ድራኩላን ሆኖ የተወነው ቤላ ሉጎሲ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ በፊቱ የሚነግደውን የፊልም ኩባንያ ከሰሱ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 (ሁሉም ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መብቱ የሰውየው የግሉ ስለሆነ አብሮት ይሞታል ብሎ ወሰነ። ብዙም ሳይቆይ የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ነገሩን ገለበጡት፦ ከሞት በኋላ 50 ዓመት አሉ፤ ኋላም ወደ 70 አሳደጉት። የኤልቪስ ፕሪስሊ አገር ቴነሲ ደግሞ ኤልቪስ በሞተ በ7 ዓመቱ፣ በ1984፣ የራሷን ሕግ አወጣች። እዚያ ስሙ ገበያ ላይ እስከዋለ ድረስ መብቱ ማብቂያ የለውም። ይሄ እንግዲህ እንደ መሬት ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ማለት ነው።

የርስቱ ክርክር ቀላል አይደለም። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ስም አተረፈ። ቤት ቢሠራ ኖሮ ልጆቹ ይወርሱት ነበር፤ ስም ስለሠራ ለምን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ? የማያውቀው ነጋዴ በአባታቸው ፊት ቲሸርት ሸጦ ሲከብር ልጆቹ የቤት ኪራይ ቢቸግራቸው፣ «ጥበብ የሕዝብ ናት» ማለት ፌዝ ይሆናል።

ግን ርስት አንድ ጠባይ አለው፤ ባለቤቱ ባላሰበው እጅ ይገባል። ማሪሊን ሞንሮ በ1962 ስትሞት ከንብረቷ ትልቁን ድርሻ ለትወና መምህሯ ለሊ ስትራስበርግ ተናዘዘች። እሱ በ1982 ሲሞት ድርሻው ለሚስቱ ለአና አለፈ፤ ሊ ያገባት ማሪሊን ከሞተች በኋላ ነው። የማሪሊን ስም ንግድ እሷ ዘንድ ደረሰ። ወደ ፍርድ ቤት ሲኬድ ደግሞ ጉድ መጣ። ማሪሊን እንደሞተች የንብረቷ አስተዳዳሪዎች ከካሊፎርኒያ የውርስ ግብር ለመዳን «ኗሪነቷ ኒው ዮርክ ነበር» ብለው ነበር። ኒው ዮርክ ያኔ ለሟች እንዲህ ያለ መብት አትሰጥም። መብቱ የሚገኘው ካሊፎርኒያ መሆኑ ሲታይ ወራሾቹ ከአሥርት ዓመታት በኋላ «ኧረ የካሊፎርኒያ ሰው ነበረች» አሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2012 ቃላችሁን መቀየር አትችሉም ብሎ መለሳቸው። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ማሪሊን ራሷ ምን ትፈልግ ነበር የሚለው ጥያቄ ቦታ አልነበረውም።

ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን የቦብ ማርሌ ነው። ሻሸመኔን በ1978 ረግጧታል፤ 60ኛ ዓመት ልደቱ በ2005 በመስቀል አደባባይ ተዘፍኖለታል። ፊቱ ያልተለጠፈበት ሚኒባስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ይሄ ሰው በ1981 በ36 ዓመቱ ሲሞት ኑዛዜ አልተወም። በውርሱ ላይ የተነሳው ክርክር ዓመታት ፈጀ። የጃማይካ ፍርድ ቤት በ1994 ስሙና መልኩ ከሞቱም በኋላ ጥበቃ እንዳላቸው አወቀ፤ አሜሪካ ውስጥም ቤተሰቡ ያለ ፈቃድ ፊቱን ቲሸርት ላይ ባተሙ ነጋዴዎች ላይ ያገኘው ፍርድ በ2015 በይግባኝ ጸና። በ2014 ደግሞ ስሙን የያዘ የካናቢስ ምርት ከቤተሰቡ ጋር በተደረገ ስምምነት ይፋ ሆነ። ይደሰት ነበር የሚል አለ። ለእሱ ቅጠሉ የእምነት ጉዳይ እንጂ የሸቀጥ አልነበረም ብሎ የሚከራከርም አለ። ማን ያውቃል? የመናገር ሥልጣኑ የቤተሰቡ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሁሉ ግን የሟቹን ልብ ያውቃል ማለት አይደለም።

ታዲያ የኔ «ሞቷል እኮ» ይሻላል? ፈላስፋው ኤፒኩሮስ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞት ባለበትም እኛ የለንም ባይ ነው። የማይሰማውን ሰው ማን ይበድለዋል? ሲሰሙት ያሳምናል። ግን አንድ ሰው የአባቱን ኑዛዜ ቀዶ ቢጥል «አባትየው እኮ አይሰማውም» ብሎ የሚያልፈው ማን ነው? ኑዛዜ የምናከብረው ሟቹ ስለሚሰማው አይደለም። በሕይወት እያለ አምኖን ስለሞተ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የምንለውም ለዚህ ይመስለኛል። ሬሳው ከአፈር በታች ሲሆን ስሙ እኛው እጅ ላይ ይቀራል።

ተዋናዩ ሮቢን ዊሊያምስ ይሄን ቀድሞ ያሰበበት ይመስላል። በ2014 ከመሞቱ በፊት ስሙና ምስሉ እስከ 2039 ድረስ ለማስታወቂያ እንዳይውል አስሮ ሄደ። ሊሸጥ የሚችለውን ነገር አትሽጡ አለ። ያም ሆኖ ዛሬ ማንም ባለ ስልክ በኤአይ ሊያናግረው ይችላል፤ ልጁ ዜልዳ አባቴን የሚመስሉ ቪዲዮዎች አትላኩልኝ ብላ በአደባባይ እስከመለመን ደርሳለች። ቴነሲም በ2024 ሕጓን አድሳ ድምፅን ጨመረችበት። የኔ ሃያ ደቂቃ እንኳ ዛሬ ሃያ ሰከንድ ሆኗል።

የኛ ሕግስ? በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 27 ጀምሮ የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትና መሸጥ ይከለክላል፤ ለታዋቂ ሰው ግን ክልከላውን ያላላዋል። ሰውየው ሲሞት የቅርብ ዘመዶቹ መቃወም የሚችሉት ድርጊቱ የሟቹን ክብር ወይም ስም የሚጎዳ ሲሆን ነው። ሳነበው ገረመኝ። አሜሪካኖቹ ገንዘቡ የማን ነው ብለው ሲጠይቁ የኛው አሮጌ ሕግ የሚጠይቀው ክብሩ ተነክቷል ወይ ብሎ ነው። ጉድለት አለው፤ ክብሩን ሳይነኩ በአባታቸው ፊት ለሚከብር ነጋዴ ልጆቹ ምን እንደሚሉት አይነግረንም። መነሻው ግን ትክክል ይመስለኛል።

ለዚህ ደግሞ ቃሉ አለን፦ አደራ። ርስት ያለው ሰው እንዳሻው ያደርገዋል፤ አደራ የተቀበለ ሰው ግን ይጠብቃል። ዝናን ዘፋኙ ብቻውን አልሠራውም፤ ካሴቱን የገዛው፣ በሠርጉ የጨፈረበት፣ ፊቱን ታክሲው ላይ የለጠፈው ሁሉ አዋጥቶበታል። ስለዚህ ባለታክሲው ለፍቅሩ ፈቃድ ይጠይቅ አልልም። ንግድ ሲሆን ግን የሚበሉት ልጆች ድርሻቸውን ቢያገኙ፣ ለዘላለም ሳይሆን ለአንድ ትውልድ ያህል፣ ተገቢ ነው። «አትሽጡኝ» ያለ ሰው ቃል ደግሞ ከማንም ወራሽ ፊርማ በላይ መሆን አለበት። ቤተሰብም ቢሆን አደራ በላ ሊሆን ይችላላ።

በማግስቱ ለሰውየው ደወልኩና «ብርጭቆውን ላውጣው፣ ልጆቹንም እናስፈቅድ» አልኩት። ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ሞቷል እኮ!» አለኝ። የራሴን ቃል ነው የመለሰልኝ። ቀብዱን መለስኩለት።

ባነሩን ሌላ ሰው ሠራው። አሁንም እዚያው ተሰቅሏል፤ በታክሲ ሳልፍ አየዋለሁ። ብርጭቆው ከኔ በተሻለ ተሠርቷል፤ እውነተኛ ይመስላል። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ሰውየውን በአካል የማያውቅ አንድ ልጅ በዚያ ያልፋል፤ ዘፋኙንም ከነብርጭቆው ያስታውሰዋል።