ግፍ ያቆመውን ቤት ማድነቅ ይገባልን?

ከመሳለሚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ ሸጎሌ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን እንደሆነ ይነገራል፤ ሼሁ በአዲስ አበባ ያሠሩት ሰፊ መኖሪያም ከከተማችን ጥንታውያን የመኳንንት ቤቶች አንዱ ነው። እኛ የቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ከጥቂት ወጣቶች ጋር ይህንን ቤት ለማየት ሄደን ነበር። ወጣቶቻችን የሚያውቁት ከእህል በረንዳ እስከ አውቶቡስ ተራ ያለውን ግርግር ብቻ ስለሆነ፣ ከተማቸው ታሪክ ያላት መሆንዋን እንዲያዩ አስበን ነው። ይዘን የተመለስነው ግን ታሪክ ብቻ ሳይሆን ገና በሚገባ ያልመለስነው ጥያቄ ነው።

ከቤቱ ፊት ስንቆም ከወጣቶቹ አንዱ «እንዴት ያምራል!» አለ። ልጁ አልተሳሳተም። በዚያ ዘመን የተሠሩት የአዲስ አበባ ትልልቅ ቤቶች፣ የሕንድና የአርመን ግንበኞች ጥበብ ከአገራችን የድንጋይ፣ የጭቃና የእንጨት ሥራ ጋር የተገናኘባቸው ናቸውና ያምራሉ። ከመካከላችን አንድ አስተማሪ ግን የሀብቱን ምንጭ ሲያስረዳ ሁሉም ዝም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር ወደ ቤላ ሻንጉል ዘመተ። የዘመቻው አንዱ ምክንያት የአገሩ ወርቅ ነበር። በአሶሳ በኩል ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ታስረውም ቈዩ። በኋላ ተፈትተው ለዳግማዊ ምኒልክ የሚገብሩ ገዥ ሆኑ። ግብሩም ወርቅና ሰው ነበር። ከሼሁ ባለቤቶች አንዷ የነበሩት ሲት አምናም በባርያ ንግድ ስማቸው ከድንበር ባሻገር ሳይቀር የታወቀ ነበር። እንግዲህ ያንን ቤት ያቆመው ሀብት ከምን እንደተጠራቀመ ለመገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ድንጋይ ኃጢአት አይሠራም፤ ቤቱን አድንቀን እንሂድ» አለ። ሌላዋ ደግሞ ነገሩን ከሰማች በኋላ ዓይኗን ወደ ቤቱ ለማንሣት እንኳ እንደ ከበዳት ገለጸች፤ እንዲህ ያለው ቤት ቢፈርስ የሚጎዳ ሰው የለም የሚል አሳብም አቀረበች። ሁለቱም ቅን ልብ ያላቸው አስተማሪዎች ናቸው። እኛ በሁለቱም አሳብ ሙሉ በሙሉ ልንስማማ አልቻልንም።

ድንጋይ ኃጢአት አለመሥራቱ እውነት ነው። ነገር ግን የምናደንቀው ድንጋዩን ሳይሆን የተደላደለውን ኑሮ ነው፤ ሰፊውን አዳራሽ ስናይ ራሳችንን በጌታው ወንበር ላይ አስቀምጠን እንጂ ውኃ ተሸክማ በጓሮ በምትገባዋ ሴት ቦታ ሆነን አንመለከትም። ዓይናችን ሳናውቀው ወገን ይመርጣል። ቤቱ ይፍረስ ለሚለው አሳብ ደግሞ መልሳችን ይህ ነው፤ ከቤላ ሻንጉል የተነዱት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም፣ መቃብራቸውም አይታወቅም። ስለ እነርሱ የሚመሰክር አንድ የሚታይ ነገር ቢኖር በእነርሱ ዋጋ የቆመው ቤት ነው። እርሱን ማፍረስ በደሉን አይሽርም፤ ምስክሩን ብቻ ያጠፋል።

ሼሁስ ቢሆኑ? ታስረው የመጡ ሰው ናቸው። የሰንሰለትን ክብደት በገዛ አካላቸው ያወቁ ሰው እንዴት ሌላውን ለባርነት ይሰጣሉ? ጌታችን ብዙ ዕዳ ተምሮለት ሳለ የባልንጀራውን ጥቂት ዕዳ ሊምር ስላልወደደው አገልጋይ የተናገረው ምሳሌ ትዝ ይለናል። ሆኖም በሼሁ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ግብሩን የተቀበለው ቤተ መንግሥት የክርስቲያን ቤተ መንግሥት ነበር፤ ባርያ በክርስቲያን መኳንንትና በቀሳውስትም ቤት ያገለግል ነበር፤ ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ባርያ የሚደነግግ አንቀጽ ነበረው። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንድታጠፋ ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት አዋጅ ታወጀ፤ ይሁን እንጂ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ንጹሕ ነኝ አትልም። እ.ኤ.አ. በ1452 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኒቆላዎስ 5ኛ ለፖርቱጋል ንጉሥ የሰጡት ደብዳቤ ያላመኑ ሕዝቦችን ወደ ባርነት ማግባትን የፈቀደ ነበር። ባርነትን የሚያወግዘው የሊዮን 13ኛ መልእክት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በመካከሉ ያለፈው ዘመን ረጅም ነው።

በሴኔጋል በጎሬ ደሴት «የባሮች ቤት» የሚባል፣ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የተሠራ የነጋዴ ቤተሰብ መኖሪያ አለ። ከላይ ነፋሻማ የሆኑ የጌቶች ክፍሎች፣ ከታች ጠባብና ጨለማ ክፍሎች ያሉት ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በየካቲት 1984 ዓ.ም. ይህን ቤት ጎበኙ። በዚያም የተጠመቁ ሰዎች በዚህ ንግድ ተካፋይ መሆናቸውን ሳይሸሽጉ ተናግረው ከሰማይ ይቅርታን ለመኑ። እርሳቸው ያን ዕለት ያሳዩን ጉብኝት ዓይንን ከመጨፈንም ከማድነቅም የተለየ ነው፤ ቤቱን በታችኛው ክፍል በኩል ማየት ነው። እኚሁ አባት በመስከረም 1993 ዓ.ም. በዳርፉር ተወልዳ በልጅነቷ ተሰርቃ የተሸጠችውን ጆሴፊን ባኪታን ቅድስት ብለው አወጁ። ባኪታ ስላሳለፈችው መከራ በሕይወት ሳለች ተናግራለችና እናውቃታለን። በአንድ ጌታ ቤት ሰውነቷ በምላጭ እንደ ተተለተለና ጨው እንደ ተነሰነሰበት ባትነግረን ኖሮ፣ ያንን ቤት ያየ መንገደኛ እርሱም «እንዴት ያምራል» ብሎ ባለፈ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈውን አጭር መልእክት አስተማሪዎች ሁላችን እናውቃለን። በፊልሞና ቤት ምእመናን ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር፤ በዚያው ቤት ግን ኦኔሲሞስ የሚባል ባርያ ነበረ፤ ጠፍቶም ሄደ። ሐዋርያው ቤቱን አልረገመም፤ ጉባኤውም እንዲበተን አላዘዘም። የለመነው ኦኔሲሞስን ከባርያ ይልቅ እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ነው። ይህ ልመና ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ወንድም የሚተኛው የት ነው? የሚበላው ከማን ጋር ነው? ጸሎት በሚደረግበት ሰዓት ምጣዱ ላይ የሚቆመው ማን ነው? ፊልሞና ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ በቤቱ ውስጥ ብዙ ነገር ማዛወር ሳያስፈልገው አልቀረም።

ከሸጎሌ ስንመለስ ከመካከላችን በአንዷ ቤት ቡና እንድንጠጣ ተጋበዝን። ስለ ባርነት ክፋት በብርቱ ተነጋገርን። ቡናውን የቆላችው፣ ውኃውን ያቀረበችው፣ ሲኒውንም ያጠበችው ከገጠር የመጣች ወጣት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ሦስት ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ ደመወዝ ይከፈላታል፤ ማንም አይመታትም። የምትተኛው ግን በማድ ቤቱ ነው። ከእኛ ወገን ሁለቱ ስሟን አያውቁም ነበር፤ ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው። ይህን ከባርነት ጋር ማስተካከል ተገቢ አይደለም፤ እርሷ በፈቀደች ጊዜ ትሄዳለችና። ይሁን እንጂ ቤቱን በጓሮው በኩል ማየት እንደሚገባ በሸጎሌ ተምረን፣ እዚህ በዋናው በር ገብተን ከተቀመጥን አንድ ሰዓት አልፎን ነበር።

ከወጣቶቹ አንዱ ልጅቷን «ለምን ትምህርተ ክርስቶስ አትማሪም?» ብሎ ጠየቃት። ትምህርቱ የሚሰጥበት የእሑድ ሰዓት ምሳ የምታዘጋጅበት ሰዓት መሆኑን መለሰችለት። ሰዓቱን የወሰንነው እኛ ነን። በሚቀጥለው ስብሰባ ከሰዓት በኋላ አንድ ተጨማሪ ክፍል ለመክፈት ተስማማን፤ በየቤቱ ያሉ ሠራተኞችም እንዲመጡ ለአሠሪዎቻቸው እንድንነግር ተወሰነ። እስከ አሁን ስማቸውን ያስመዘገቡት አራት ናቸው። ቡና ያፈላችልን ልጅ ከእነርሱ መካከል የለችም፤ የቤቱ እመቤት፣ እርሷም ከእኛው ከአስተማሪዎቹ አንዷ ናት፣ ላስብበት ብላናለች።