የመምህር ዕዳ በማን ላይ ነው?

ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን መልሶ መክፈል ይችላል? ካልቻለስ ዕዳው በማን ላይ ይቀራል? ጥያቄው የቆየ ነው። በኢትዮጵያ ግን መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ እንዲዘጉ ሲወሰን ከመጽሐፍ ወጥቶ የሰፈር ጉዳይ ሆነ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ለአንደኛ ደረጃ በራዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን፣ ስልክና ኔትወርክ ላለው ደግሞ በቴሌግራም ትምህርቱን ለማስቀጠል ተሞከረ። መምህሩ ግን ከልጆቹም ከወላጆቹም ዓይን ተሰወረ። መምህርን ማክበርና መምህርን ማብላት ተነጣጥለው በማይታወቁባት ጎንደር፣ በአራዳም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ ይህ መሰወር ቀላል ነገር አልነበረም።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ ለአማልክት፣ ለወላጅና ፍልስፍናን ላስተማረ ሰው የሚመጥን ዋጋ እንደማይገኝ፣ የተቻለውን ማድረግ እንደሚበቃ ተናግሮ ያልፋል። ነገሩን እስከ ሥሩ የቆፈረው ሮማዊው ሴኔካ ነው። ስለ በጎ ውለታ በጻፈው ሥራው አንድ የሚያስቸግር ነገር ያነሣል፦ ሐኪምም መምህርም ክፍያቸውን ተቀብለዋል፤ ታዲያ ሒሳብ ተዘግቷል ብሎ መለያየት ለምን አይቻልም? መልሱ ሁለት ነገር ይለያል። የተከፈለው ለድካማቸውና ለሰጡት ጊዜ ነው፤ ያስገኙት ጤናና ዕውቀት ግን ከተከፈለው እጅግ ይበልጣል። በዚያ ላይ የተቀጠረበትን ብቻ ሠርቶ የሚሄድ አለ፤ ከሥራው አልፎ ለሰውየው የሚጨነቅም አለ። ክፍያ የማይዘጋው ዕዳ ያለው በዚህ በሁለተኛው ሰው ዘንድ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ነገሩን በአንድ ወገን አይቋጨውም። በማቴዎስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በነጻ የተቀበሉትን በነጻ እንዲሰጡ ያዝዛል፤ ከሁለት ቁጥር በኋላ ደግሞ ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ቃሉን የሚማር ሰው ያለውን መልካም ነገር ሁሉ ለአስተማሪው እንዲያካፍል ይመክራል። ዕውቀት አይሸጥም፤ የሚያስተምረው ሰው ግን መብላት አለበት። በእስልምናም ቢሆን ቁርኣን ለማስቀራት ዋጋ መቀበል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ የሕግ ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሼሆችና ከተማሪዎቻቸው ወላጆች ጋር ያላቸው ግንኙነት ከዚህ ክርክር ውጭ አይታይም።

ጎንደር ለጥያቄው የሰጠችው መልስ በጉባኤ ቤት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ኑሮ ውስጥ ይገኛል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ ከተማዋ የሊቃውንት መናኸሪያ ሆና ኖራለች። በከተማዋ ያለችው በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አቋቋም የሚባለው የማሕሌት ሥርዓት ማስመስከሪያ ናት። መምህር ኤስድሮስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጻሕፍትን ትርጓሜ አዲስ ፈር ያስያዙት በዚሁ የሊቃውንት ዓለም ውስጥ ነው። ሕዝቡ በቀልዳቸው የሚያስታውሳቸው አለቃ ገብረ ሐናም የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ቀልዳቸው ስለበዛ መምህርነታቸው ተረሳ እንጂ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ስልት ከእርሳቸውና ከልጃቸው የወጣ ነው። እንዲህ ያሉ መምህራን ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ ከተማሪው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ታዲያ በምን ይኖራሉ?

አንደኛው መተዳደሪያ መሬት ነበር። በጎንደር ዘመን ነገሥታቱ፣ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም ጭምር፣ ላቋቋሟቸው አድባራት ካህናትና ሊቃውንት የሪም መሬት ይሰጡ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ምንጭ አደረቀው። ከዚያ በኋላ የጉባኤ ቤቱ ሸክም ከድሮው ይልቅ በምእመናኑ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው መተዳደሪያ የተማሪው እግር ነው። ቆሎ ተማሪው ትምህርቱን ከቀጸለ በኋላ ደበሎውን ይለብሳል፣ አኩፋዳውን ያነግታል፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይይዛል፤ በየደጁም ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ከመሶቡ ቁራሽ እንጀራ፣ ከሌለም እፍኝ ቆሎ ወይም ዱቄት ታወጣለታለች። ያልተበላው እንጀራ ደርቆ ለሌላ ቀን ይቀመጣል። ተማሪው ለየኔታ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የእርሻ ሥራ ካለም ያግዛል። የኔታ ቀለብ የሚያገኙት በዚህ ሁሉ መረዳዳት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙም ልብ የማይባል አንድ ነገር አለ። ቁራሹን የምታወጣው ሴት የምትረዳው የገዛ ልጇን መምህር አይደለም። ደጇ ላይ የቆመው ልጅ ከጎጃም ወይም ከላስታ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ተማሪ ትምህርት ፍለጋ ከቀዬው ርቆ መሄዱ የተለመደ ነውና። የእርሷም ልጅ በሌላ አገር ከሌላ ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ ልጅ የላትም። ስጦታው በድንግል ማርያም ስም ስለተሰጠ ማን ለማን እንደ ሰጠ አይቆጠርም፤ ውጤት ወይም ማዕረግም አይገዛበትም። የመምህሩ ዕዳ ከተማሪው ጫንቃ ተነሥቶ በአገሩ ሁሉ ላይ ተበትኗል ማለት ነው። ሴኔካ እንኳ እዚህ አልደረሰም፤ እርሱ በዚህ ክርክሩ የሚያስበው በዋናነት ስለ ሁለት ሰዎች ነው፣ ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህ ግንኙነት ተቀየረ። መምህሩ ደሞዝተኛ ሆነ፤ ከጎረቤትም «መንግሥት ይከፍለው የለ» የሚል አነጋገር መጣ። ለመምህሩ ነጻነት ጥሩ ነበር፤ ከማንም ደጅ አይጠናም። ይሁን እንጂ ደሞዙ በተከፈለ ቁጥር ሒሳቡ እንደተዘጋ የሚያስብ ወላጅ በዛ። ሴኔካ ስህተት ነው ያለው ይህንኑ ነበር።

2012 ዓ.ም. የተዘጋ የመሰለውን ሒሳብ እንደገና ከፈተው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ደሞዙ አልተቋረጠበትም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን የሚበላው ወላጅ ከሚከፍለው ነው፤ ወላጁም በበኩሉ ሱቁ ተዘግቶበታል፣ ቱሪስት ቀርቶበታል፣ ባጃጁ ቆሞበታል። ልጄ ቤት ውሎ ለምን እከፍላለሁ የሚለው ቅሬታ ከንፉግነት ብቻ የመጣ አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ አንድ ግምት ተሸክሟል፦ መምህሩ በክፍል ውስጥ ካልታየ አልሠራም። መምህሩ ግን ወርክሺት በእጁ ጽፎ፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ የኔትወርክ መጨናነቅ የሚያባራበትን ሰዓት ጠብቆ ይልክ ነበር። ካርዱን ከኪሱ ይሞላል። አንዲት እናት ልጇ የሠራውን መልስ ደብዝዞ በተነሣ ፎቶ ስትልክለት ስልኩን እያጋደለ፣ ፊደሉን እያጎላ ያርማል። ስልክ የሌለው ተማሪ ደግሞ አለ፤ ለእርሱ ወረቀቱን የሚያደርስለት ሰው መፈለግ አለበት። በገጠሩ የሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌ መብራትም ቴሌቪዥንም በሌለበት ቤት «የርቀት ትምህርት» የሚለው ሐረግ ለብዙ ልጆች ትርጉም አልነበረውም፤ እዚያ ርቀቱ እንጂ ትምህርቱ አልደረሰም።

የጉባኤ ቤቱ የአብነት ትምህርት ስለ ርቀት የሚያስተምረው ነገር አለ። ዜማና ቅኔ የሚተላለፉት በጆሮና በአፍ ነው። ዓይነ ስውር የሆኑ መምህራን የዜማ መጽሐፉን ድጓን ሲያስመልሱ ኖረዋል፤ ተማሪው አንዲት ምልክት ቢያዛንፍ በድምፁ ብቻ ይይዙታል። ስለዚህ መተያየት ለመማር ግድ አይደለም፤ መደማመጥ ግን ግድ ነው። ራዲዮ የገለበጠው ይህንን ነው። ልጁ መምህሩን ይሰማል፣ መምህሩ ልጁን አይሰማም፣ እርማት የለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ያስተማሩ መምህራን ይህን ቀድመው ያውቁታል፤ ማስተማሩን ለቴሌቪዥኑ ትተው ማብራትና ማጥፋት ብቻ የቀረላቸው የመሰላቸው ነበሩ። የሚያርም ሰው በሌለበት ውለታውም ባለቤት ያጣል፤ ተማሪ «እርሳቸው አስተማሩኝ» ብሎ የሚጠራው ያረመውን ሰው ነውና። በወረርሽኙ ወራት በቴሌግራም ደብዛዛውን ፎቶ ያረመው የክፍል መምህር ከራዲዮኑ ጥሩ ድምፅ ይልቅ ምስጋና የሚገባው ለዚህ ነው።

ምስጋናው በምን ይገለጥ? እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከአንድ የታወቀ አባባል ነው። መምህር እንደ ሻማ ራሱን አቅልጦ ለሌላው ያበራል ይባላል፤ በምረቃ ባነር ላይም ይጻፋል። አባባሉ ሙገሳ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን መምህሩ ማለቁን እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ያጸድቃል። የሚቀልጥን ሰው እያዩ ማጨብጨብ ምስጋና ሊሆን አይችልም። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም 25 የሚከበረው የዓለም መምህራን ቀን መሠረቱ ሙገሳ አይደለም። ቀኑ በ1966 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ መምህራን መብት፣ ኃላፊነትና የሥራ ሁኔታ ያወጡት የውሳኔ ሐሳብ መታሰቢያ ነው። ከአበባው በፊት የሥራ ሁኔታው ይቀድማል።

በወላጅና በመምህር መካከል ያለ ስጦታም ሌላ አደጋ አለው። የአንድ ልጅ አባት ለልጁ መምህር ስኳርና ዘይት ወይም የሞባይል ካርድ ሲልክ ቸርነት ሊሆን ይችላል፤ ፈተና ሲቀርብ ግን ያው ስጦታ መልኩ ይለወጣል። ድሃው ወላጅ ባዶ እጁን በመሆኑ ልጁ ወደ ኋላ የሚቀር ይመስለዋል። የአኩፋዳው ሥርዓት ለዚህ መፍትሔ ነበረው፤ ስጦታው ስም የለሽ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ለዚህ የሚቀርበው ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ነው። እድርና ሰንበቴ ማኅበርም ሐዘንተኛን ለማጽናናትና ድሃን ለመርዳት የሚያዋጡበት ልማድ አላቸው። መዋጮው በኅብረት ሲሰበሰብና ለመምህራኑ ሁሉ በእኩል ሲደርስ የማን ካርድ የማንን ልጅ እንዳሳለፈ የሚጠይቅ አይኖርም።

ትምህርት ቤቶቹ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በየዙሩ መከፈት ጀመሩ። ጥያቄው ግን አልተዘጋም። ብዙም ሳይቆይ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ስለነበር በወረርሽኙ ጊዜ የነበረችው የቴሌግራም መንገድ እንኳ አልነበረችም። እንግዲህ ማስተማር ላልቻለ፣ ከተማሪው ጋር በክፍልም በስልክም ላልተገናኘ መምህር ማኅበረሰቡ አሁንም ዕዳ አለበት ሊባል ይችላል?

እስካሁን የተባለው ሁሉ አዎን ወደሚል መልስ ይመራል። ዕዳው የሚመነጨው አስቀድሞ ከተሰጠው እንጂ ዛሬ ከሚሰጠው ስላልሆነ በር ሲዘጋ አይቆምም። ባለዕዳውም የዛሬው ተማሪና ወላጁ ብቻ አይደሉም። በአራዳ ሱቅ ሒሳብ የሚያሰላው ነጋዴ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕመምተኛ የሚያየው ሐኪም፣ ከዋሽንግተን ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልከው ሰው አንድ ቀን አንድ መምህር ፊደል አስቆጥሯቸዋል። የመንግሥት ድርሻ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የዘገየ ደሞዝ የፍትሕ ጉዳይ ስለሆነ የሚጠየቀው ከከፋዩ ነው፤ የጎረቤት መዋጮ ለተፈናቀለ መምህር ቀለብ ሊሆን ይችላል፣ የደሞዝ ምትክ ተደርጎ ሊቆጠር ግን አይገባም።